ለሎደር ሥራ የትራክተር ሞተር በስንት ዙር ይሥራ? ሚኒሞ፣ መካከለኛና ሙሉ ዙር ሲነጻጸሩ

ፊቱ ላይ ሎደር፣ ማለትም አፈርና ዕቃ የሚያነሣ ክንድ፣ የተገጠመለት ትራክተር የሚያሠራ ሰው ባኬቱን (የክንዱን ጫፍ ማፈሻ) ከመሬት ከማንሳቱ በፊት መወሰን ያለበት ነገር የእጅ ነዳጅ መስጫውን የት ላይ እንደሚያቆመው ነው። በየእርሻውና በየግንባታ ቦታው በዚህ ረገድ ሁለት ተቃራኒ ልማዶች ይታያሉ። አንዱ ኦፕሬተር ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ሞተሩን ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው ከሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ብዙም ሳያርቅ ሲያሠራ፣ ሌላው ደግሞ ማሽኑ ጉልበት እንዲያገኝ በማለት ነዳጁን እስከ መጨረሻው ገፍቶ ቀኑን ሙሉ ያስጮኸዋል። የመጀመሪያው ሥራውን ያዘገያል፣ ሞተሩንም ያስጨንቃል፤ ሁለተኛው ናፍጣ ያባክናል፣ ክንዱን በግፊት የሚያንቀሳቅሰውን የሃይድሮሊክ ዘይት ያግላል፣ ጭነቱንም ለመቆጣጠር ይቸገራል። ትክክለኛው ዙር (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ብዛት) በአብዛኛው በሁለቱ መካከል የሚገኝ ቢሆንም፣ ከሁለቱ ወደ የትኛው ይበልጥ እንደሚጠጋ የሚወስኑት የሥራው ዓይነት፣ የካምቢዮው ዓይነት፣ የሃይድሮሊክ ፓምፑ ሁኔታና የቦታው ከፍታ ናቸው።

ዙር ሲጨምር ምን ይጨምራል?

በአብዛኞቹ ትራክተሮች ላይ የሃይድሮሊክ ፓምፑ በጥርስ የሚሠራ ሲሆን የሚዞረውም በሞተሩ ነው። በእያንዳንዱ ዙር የሚገፋው የዘይት መጠን ቋሚ በመሆኑ፣ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር በደቂቃ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሄደው ዘይት በዚያው ልክ ይበዛል፤ ክንዶቹም በዚያው ልክ ይፈጥናሉ። የማንሳት ጉልበቱን የሚወስነው ግን የዘይቱ ብዛት ሳይሆን ግፊቱና የሲሊንደሩ ስፋት ነው። ግፊቱ ደግሞ ሪሊፍ ቫልቩ (ግፊት ሲበዛ ተከፍቶ ዘይቱን ወደ ጋኑ የሚመልሰው ቫልቭ) ከተስተካከለበት ልክ በላይ አይወጣም።

ይህን በቁጥር ለማየት በአገራችን እርሻዎች ለረጅም ዘመን ያገለገለውን ቤላሩስ ኤምቲዜድ 80ን እንውሰድ። የሞተሩ ሙሉ የሥራ ዙር በደቂቃ 2200 ሲሆን፣ በዚህ ዙር ፓምፑ በደቂቃ 45 ሊትር ገደማ ዘይት ይገፋል። በዚህ ትራክተር ላይ እያንዳንዳቸው 70 ሚሊሜትር የውስጥ ዲያሜትርና 700 ሚሊሜትር የመዘርጊያ ርዝመት ያላቸው ሁለት ማንሻ ሲሊንደሮች ያሉት ሎደር ተገጥሟል እንበል። ሁለቱን ሲሊንደሮች ሙሉ በሙሉ ለመዘርጋት 5.4 ሊትር ያህል ዘይት ያስፈልጋል። ሞተሩ በ800 ዙር ሲሠራ ፓምፑ በደቂቃ የሚሰጠው 16 ሊትር ገደማ ስለሆነ ክንዶቹ ከመሬት ተነሥተው ጫፍ ለመድረስ 20 ሰከንድ ይፈጅባቸዋል። በ1600 ዙር ይህ ጊዜ ወደ 10 ሰከንድ ይወርዳል። በ2200 ዙር ደግሞ 7 ሰከንድ ያህል ይሆናል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የልዩነቱ መጠን ነው። ከ800 ወደ 1600 ከፍ ማለት በአንድ ማንሳት 10 ሰከንድ ሲያተርፍ፣ ከ1600 ወደ 2200 ከፍ ማለት የሚያተርፈው 3 ሰከንድ አይሞላም። የማንሳት ጉልበቱስ? ሪሊፍ ቫልቩ 160 ባር ላይ የሚከፈት ከሆነ፣ ሁለቱ ሲሊንደሮች አንድ ላይ የሚሰጡት የመግፋት ጉልበት 12 ቶን ገደማ ነው፤ ይህም በ800ም በ1600ም በ2200ም ዙር ያው ነው። ባኬቱ ዘንድ የሚደርሰው ከክንዱ ርዝመት የተነሣ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቢሆንም፣ እሱም ቢሆን ዙር በመጨመር አይበዛም። በ1600 ዙር ያልተነሣ ሸክም ሞተሩን በማስጮህ አይነሣም።

ብዙ ልምድ ያላቸው ኦፕሬተሮች ይህን አባባል ይቃወማሉ፤ የሚቃወሙትም ያለ ምክንያት አይደለም። ነዳጅ ሲሰጡት ያነሣውን ሸክም በሚኒሞ ሲሞክሩት እምቢ እንዳለ በዓይናቸው አይተዋል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው በሁለት ምክንያቶች ነው። አንደኛ፣ ሞተሩ በሚኒሞ የተጠባባቂ ጉልበት ስለሌለው ፓምፑ ግፊት ሊያወጣ ሲጀምር ሞተሩ ሊጠፋ ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ፓምፑ ያረጀ ከሆነ ዘይቱ በጥርሶቹና በቤቱ መካከል ወደ ኋላ ይሾልካል፤ ዙሩ ዝቅተኛና ዘይቱ የጋለ ሲሆን ሾልኮ የሚቀረው ድርሻ ስለሚበዛ ፓምፑ ሙሉ ግፊት ላይ መድረስ ያቅተዋል። ስለዚህ ጠዋት ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ በ1400 ዙር ያነሣ የነበረ ሎደር ከሰዓት በኋላ ያንኑ ሸክም ለማንሳት 2000 የሚጠይቅ ከሆነ፣ መጠርጠር ያለበት ፓምፑ ወይም የሲሊንደሮቹ ጎሚኒ ነው። ነዳጅ መጨመር ጉዳቱን ለጥቂት ጊዜ ከመሸፈን ያለፈ ጥቅም የለውም።

አማራጮቹ በዙር መጠን

ሚኒሞ፣ ማለትም ከ600 እስከ 900 ዙር፣ ለመቆሚያ እንጂ ለሎደር ሥራ የሚሆን አይደለም። ባኬቱን መሬት ላይ ለማሳረፍ፣ ዕቃ እስኪመጣ ጥቂት ለመጠበቅ፣ ወይም ቱርቦ (አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ሞተር ከመጥፋቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ቀዝቀዝ እንዲል ለማድረግ ያገለግላል። በዚህ ዙር የተጫነ ባኬት ይዞ መሪ ማዞር ምን ያህል እንደሚከብድ የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል፤ የፊት ጎማዎቹ በሸክሙ ተጭነው ሳለ የመሪው ፓምፕ የሚሰጠው ዘይት አነስተኛ በመሆኑ መሪው ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይቆለፋል። በዚያ ላይ ሞተሩ በሚኒሞ ለረጅም ሰዓት ሲሠራ የማቃጠያው ሙቀት ስለሚወርድ ናፍጣው በደንብ አይቃጠልም፤ ያልተቃጠለውም በናፍጣ መርጫ አፍንጫዎቹና በማርሚታው ላይ ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። የጭስ ማጣሪያ በተገጠመላቸው አዳዲስ ሞተሮች ላይ ደግሞ ማጣሪያው ቶሎ ይደፈናል።

ከ1000 እስከ 1300 ያለው ዙር ቀስታን ለሚሹ ሥራዎች የተመረጠ ነው። በሹካ የተጫነ የማዳበሪያ ወይም የሲሚንቶ ፓሌት መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ፣ የድርቆሽ እስር መከመር፣ ሰው አጠገብ ቆሞ እየመራ የውሃ ታንከር ወይም ቱቦ ማውረድ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በዚህ ዙር እጀታው ትንሽ ሲነካ ክንዱም የሚንቀሳቀሰው ትንሽ ነው፤ በከፍተኛ ዙር ግን ያችው ንክኪ ሸክሙን ታስፈነጥረዋለች። ፍጥነት በማይፈለግበት ሥራ ላይ ከዚህ በላይ መሄድ አደጋን ከመጨመር በቀር ምንም አይሰጥም።

ከ1400 እስከ 1800 ያለው መካከለኛ ዙር እኔ ለአብዛኛው የሎደር ሥራ የምመርጠው ነው። ምርጫው በልማድ ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም። የትራክተር ናፍጣ ሞተሮች ከፍተኛውን ቶርክ (የመጠምዘዝ ጉልበት) የሚሰጡት በአብዛኛው በ1300 እና በ1600 መካከል ስለሆነ፣ ከዚህ ዙር ጥቂት ከፍ ብሎ የሚሠራ ሞተር ባኬቱ ክምር ውስጥ ገብቶ ዙሩ ሲወርድ ጉልበቱ እየጨመረ ይሄዳል። በሌላ አነጋገር ሞተሩ ሲጫን ወደ ጥንካሬው ይወርዳል እንጂ ወደ መጥፋት አይሄድም። መሪው ቀላል ነው፤ ክንዶቹ ይፈጥናሉ፤ የናፍጣው ፍጆታም ከሙሉ ዙር በግልጽ ያነሰ ነው።

ከ2000 በላይ ያለውና እስከ ሙሉ የሥራ ዙር የሚደርሰው አማራጭ ፍጥነት የሚጠይቅ ሥራ ሲኖር ተገቢ ነው፤ ለምሳሌ ተሰልፈው የሚጠብቁ ሲኖትራኮችን አሸዋ ወይም ገለባ መጫን። ሆኖም ዋጋው መታወቅ አለበት። ከሞተሩ ጋር በቺንጋ የተያያዘ ማራገቢያ የሚወስደው ኃይል ከዙሩ ጋር በኩብ ስለሚያድግ፣ ከ1500 ወደ 2200 ሲወጣ ማራገቢያው ብቻውን የሚበላው ኃይል ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል። ይህ ሁሉ ባኬቱ ባዶ ሆኖ ትራክተሩ ወደ ኋላ ሲመለስም የሚከፈል ነው። ሌላው ዘይቱ የሚግልበት መንገድ ነው። ባኬቱ ተጠቅልሎ ጫፍ ከደረሰ በኋላ እጀታውን ይዞ መቆየት የብዙ ኦፕሬተሮች ልማድ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ፓምፑ የሚገፋው ዘይት ሁሉ በሪሊፍ ቫልቩ አልፎ ወደ ጋኑ ይመለሳል፤ ኃይሉም በሙሉ ሙቀት ይሆናል። ከላይ ባየነው ትራክተር ላይ ይህ በ2200 ዙር 12 ኪሎዋት፣ በ1400 ዙር ደግሞ ከ8 ኪሎዋት ያነሰ ሙቀት ማለት ነው። በሁመራ ወይም በመተማ የቀትር ፀሐይ ላይ ይህ ልዩነት ዘይቱ ይተርፍ ወይም ይበላሽ እንደሆነ ሊወስን ይችላል። የሪሊፍ ቫልቩ የሲርሲርታ ድምፅ እንደተሰማ እጀታውን መልቀቅ ለሃይድሮሊክ ሥርዓቱ ከሚደረጉ ጥንቃቄዎች ሁሉ ርካሹ ነው።

ዙሩና ማርሹ ለየብቻ ይመረጡ

በዚህ ጉዳይ ላይ በብዛት የሚታየው ስህተት የጉዞ ፍጥነትን ለመቀነስ ዙሩን መቀነስ ነው። ኦፕሬተሩ ክምሩ አጠገብ ሲደርስ ትራክተሩ የፈጠነበት ስለሚመስለው ነዳጁን ይቀንሳል፤ ወዲያው ክንዶቹም አብረው ይዘገያሉ፣ መሪውም ይከብዳል፣ ባኬቱ ክምሩን ሲነካም ሞተሩ ይንገዳገዳል። መሆን ያለበት ተቃራኒው ነው። የጉዞውን ፍጥነት ማርሹ ይወስን፤ ዙሩ ደግሞ ለሃይድሮሊኩ ይተው። አንደኛ ማርሽ በዝቅተኛው ክልል ተይዞ ሞተሩ በ1600 ሲሠራ ትራክተሩ የሰው እርምጃ ያህል ይሄዳል፣ ክንዶቹ ግን እንደልብ ይንቀሳቀሳሉ።

የጠጠር ክምር ሲቆረጥ የሚሆነውን ቀረብ ብሎ ማየት ይህን ግልጽ ያደርገዋል። የባኬቱ ወለል ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ትራክተሩ በአንደኛ ማርሽ በ1600 ዙር ቀጥ ብሎ ይገባል። የባኬቱ ከንፈር ወደ ክምሩ ሲዘልቅ የሞተሩ ድምፅ ይወፍራል፣ ጋቨርነሩ (ዙሩን የሚጠብቀው መሣሪያ) ናፍጣ ይጨምራል፣ የዙር መቁጠሪያው መርፌ ወደ 1450 አካባቢ ይወርዳል። የኋላ ጎማዎቹ ሊንሸራተቱ ሲጀምሩ ኦፕሬተሩ ነዳጅ አይጨምርም፤ እጀታውን ወደ ራሱ ስቦ ክንዱን ጥቂት ያነሣል፣ ባኬቱንም ይጠቀልላል። በዚህ ጊዜ ሸክሙ ወደ ፊት ጎማዎች ሲተላለፍ ክምሩ ይፈታል፣ ሞተሩም ዙሩን መልሶ ያገኛል። ዙሩ ከ1300 በታች ወርዶ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ከተፋ ግን ባኬቱ ከልኩ በላይ ገብቷል ማለት ነው፤ ፍሪሲዮን ረግጦ ወደ ኋላ መመለስና በትንሽ ቁራጭ እንደገና መግባት ይሻላል። ጎማ ሲንሸራተት ዙር መጨመር ጎማውን ከመብላትና መሬቱን ከመቆፈር ያለፈ ጥቅም የለውም፤ የጎደለው ክብደት ስለሆነ ከኋላ የሚንጠለጠል ሚዛን መጨመር ነው የሚያስፈልገው።

ተሸክሞ በሚጓዝበት ጊዜ ባኬቱ ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ዝቅ ብሎ መያዝ አለበት፤ ዙሩም መሪውን ቀላል የሚያደርግ ያህል፣ 1300 ገደማ፣ ይበቃዋል። ባኬቱን ማውረድ በአብዛኛው በራሱ ክብደት የሚሆን በመሆኑ ለዚህ ዙር መጨመር አያስፈልግም። መሬት ለመደልደል ባኬቱን ወደ ኋላ እየጎተቱ ሲሠሩም ክንዱ በተንሳፋፊ ቦታ ላይ (እጀታው ክንዱን ለቆ የመሬቱን ቅርፅ እንዲከተል በሚያደርግበት ቦታ) ስለሚሆን ፓምፑ ብዙ ሥራ የለውም፤ 1200 ይበቃል።

የካምቢዮው ዓይነት ሲለያይ

ከላይ የተባለው በቀጥታ የሚሠራው በማርሽና በፍሪሲዮን ለሚሄዱ ትራክተሮች ነው። በእነዚህ ላይ ከፍተኛ ዙር ይዞ ወደፊትና ወደኋላ መመላለስ ፍሪሲዮኑን ይጨርሳል። ሎደር ደግሞ በሰዓት ውስጥ አቅጣጫ የሚቀይርበት ጊዜ ስፍር ቁጥር ስለሌለው፣ መካከለኛው ዙር እዚህ ከናፍጣ ይልቅ በሚያተርፈው የፍሪሲዮን ወጪ ራሱን ይከፍላል።

በሃይድሮስታቲክ ካምቢዮ የሚሄዱ ትናንሽ ትራክተሮች፣ በተለይ በአሜሪካና በአውሮፓ በግል ይዞታዎች ላይ የሚታዩት፣ ሌላ ጠባይ አላቸው። ብዙዎቹ ሙሉ ዙራቸው ከ2500 በላይ ነው፤ ጎማውን የሚያንቀሳቅሰውም ዘይት ስለሆነ በዝቅተኛ ዙር ሲሠሩ የጉዞውም የማንሳቱም አቅም አብሮ ይደክማል። ለእነዚህ ከሙሉ ዙራቸው ከሁለት ሦስተኛ በታች አለመውረድ ጥሩ መነሻ ነው። ክምር ውስጥ ገብተው ሲቆሙ ደግሞ ፔዳሉን አጥብቆ መርገጥ አይጠቅምም፤ ፔዳሉ ላላ ሲል ካምቢዮው ወደ ዝቅተኛ ፍጥነትና ወደ ብዙ ጉልበት ስለሚሄድ፣ እግርን ጥቂት ማንሳት ነው ትራክተሩን የሚያስገፋው። ይህን ያልለመደ ሰው ተቃራኒውን ያደርጋል።

ቶርክ ኮንቨርተር (በፍሪሲዮን ፈንታ የሞተሩን ኃይል በዘይት የሚያስተላልፍ ክፍል) ባላቸው ባክሆ ሎደሮች (ከፊት ሎደር፣ ከኋላ መቆፈሪያ ያላቸው ማሽኖች) ላይ ዙሩ የመግፋት ጉልበትንም ስለሚጨምር፣ ኦፕሬተሩ ነዳጁን በእግሩ እየተቆጣጠረ ክምሩ ላይ ከፍ፣ መኪናው አጠገብ ዝቅ ማድረግ አለበት። በእነዚህ ላይ የእጅ ነዳጅን አንድ ቦታ ላይ ተክሎ ሎደሩን ማሠራት አልመክርም። መጠኑን እንደፍላጎት የሚለዋውጥ ፓምፕ ያላቸው ትላልቅ አዳዲስ ትራክተሮች ደግሞ በ1200 ወይም በ1300 ዙር እንኳ በቂ ዘይት ስለሚያቀርቡ፣ ለእነሱ የዝቅተኛው ወገን ምርጫ ሚዛን ይደፋል።

ከፍታና ብርድ

አምራቾች በመጽሐፋቸው ላይ የሚያሰፍሩት የጉልበት ቁጥር ለባሕር ወለል የቀረበ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ በመቶ ገደማ እንደሚያጣ ይታሰባል፤ ስለዚህ በ2400 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባና በዙሪያዋ የሚሠራ እንዲህ ያለ ሞተር ከአንድ አምስተኛ በላይ ጉልበቱን ያጣል። የሚገባው አየር ስለሚሳሳ ሲጫን ጥቁር ጭስ የሚያወጣውም ቶሎ ነው። በቆላ በ1400 ዙር በምቾት የተሠራ ሥራ በደጋ 1600 ወይም 1700 ቢጠይቅ የሞተር ብልሽት አይደለም፤ ቁራጩን መቀነስና ዙሩን ጥቂት ከፍ ማድረግ ይበቃል። ቱርቦ ያላቸው ሞተሮች ይህን በእጅጉ ይቋቋሙታል።

እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ብርዳማ ቦታዎች በጠዋት የሃይድሮሊክ ዘይቱ ወፍራም ስለሚሆን ፓምፑ ዘይቱን በበቂ ፍጥነት ሊስብ አይችልም፤ ከተነሣ በኋላ ወዲያው ወደ 2000 ማውጣት ፓምፑን ባዶ እያፋጨ ይጎዳዋል። ሞተሩን በ1000 እና በ1200 መካከል ለጥቂት ደቂቃዎች ማሠራት፣ ከዚያም ክንዶቹን ያለ ጭነት ደጋግሞ ከፍና ዝቅ ማድረግ ዘይቱን ያሞቀዋል። ከፓምፑ የሚወጣው ጩኸት ከጠፋና ክንዶቹ ሳይንቀጠቀጡ መውጣት ከጀመሩ ሥራ ሊጀመር ይችላል።

የዙር መቁጠሪያው የማይሠራ ከሆነ

በየእርሻው ካሉት አሮጌ ትራክተሮች ብዙዎቹ የዙር መቁጠሪያቸው ቆሟል፤ በዚህም ምክንያት ከላይ የተዘረዘሩት ቁጥሮች ለኦፕሬተሩ ትርጉም የላቸውም የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። በብርሃን የሚለካ የእጅ መቁጠሪያ ከመካኒክ ተውሶ በክራንክ ፑሊው ላይ አንጸባራቂ ወረቀት መለጠፍ፣ የሞተሩን ዙር በየተራ 1200፣ 1600 እና 2000 ላይ ማድረግና በእያንዳንዱ ጊዜ የእጅ ነዳጅ መስጫው ዘንግ የቆመበትን ቦታ በቀለም ማስመር። ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ ምልክቱም ለዓመታት ያገለግላል።

መለኪያ ካልተገኘ የክንዶቹን ጊዜ መለካት ይቻላል። ባኬቱ ባዶ ሆኖ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ነዳጁ ሙሉ ተሰጥቶ ክንዶቹ ከመሬት እስከ ጫፍ የሚወስዱትን ሰከንድ በስልክ ይለኩ። ፓምፑ ከሞተሩ ጋር በአንድ ልክ የሚዞር በመሆኑ፣ ሙሉ ዙሩ 2200 የሆነ ትራክተር በሙሉ ነዳጅ 7 ሰከንድ ከፈጀበት፣ ነዳጁ እየተቀነሰ ጊዜው ወደ 10 ሰከንድ የሚጠጋበት ቦታ 1600 ዙር አካባቢ ነው። ይህ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው። ያንኑ ልኬት በየጥቂት ወሩ በተመሳሳይ ሙቀት መድገምና መዝግቦ ማቆየት ፓምፑ እያረጀ መሆኑን ከማንም ቀድሞ ይናገራል፤ ባዶ ክንድ በሙሉ ነዳጅ ከ7 ሰከንድ ወደ 9 ከዘገየ መጀመሪያ የዘይቱን መጠንና ፊልትሮውን ማየት፣ እነሱ ደህና ከሆኑ ፓምፑን ማስፈተሽ ይገባል።